ቀንድ አውጣዋ እስክትነሳ

ሰኔ 2

ዛሬ ሹፌሩ ቤት እየነዳ መጣ።

ሹፌሩ የምለው ባለቤቴን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ሱቄ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ እቃ ያመጣልኝ ሰው መስሎኝ ወጣሁ። ትንሽ አሮጌ መኪና ናት፤ ጀርባዋ ላይ ግን ሙሉ ቤት ተሸክማለች። አልጋ አላት፣ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አላት፣ የእቃ ማጠቢያ አላት፣ መጋረጃ እንኳ አልቀረባት። መሃሏ ላይ ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው ሁሉንም ይነካል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ "እንዴ፣ ቀንድ አውጣ ገዛችሁ?" አለች። ስሙ እዚያው ጸደቀ።

እኔ ያገለገለ የቤት እቃ እየገዛሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። እቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ አሸተዋለሁ፤ ከዚያ ነው የማየው። የቀንድ አውጣዋን በር ስከፍት ሽቶ ሸተተኝ። አሮጌ እቃ ላይ ሽቶ የሚረጭ ሰው የሚደብቀው እርጥበት ነው። የጣሪያውን ጥግ በጣቴ ብጫነው እንደ ራሰ ካርቶን ወደ ውስጥ ገባ።

"አበስብሰው ነው የሸጡልህ" አልኩት።

"የበሰበሰውን አውጥቼ ደህናውን እከትበታለሁ። አንቺ ሞተሯን ስሚ እንጂ! እንዲህ ያለ ሞተር ዛሬ ማን ይሠራል?" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስንት ዘመን ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ተኛሁ። አሁን አንቺን ይዤ ነው የምሄደው። ዝናቡ ጋብ ይበል ብቻ፣ ሐይቁ ድረስ።"

"ምን ይላል ይሄ ሽማግሌ!" አልኩ፣ ልብስ ሰፊዋ እየሰማች ስለነበር። ደስ ግን ብሎኛል።

ራት በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ሳህን አጥቤ ስጨርስ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ሞተሯ አሁንም እየሠራች ነው። ቁልፉን ላይዋ ላይ ትቶ ገብቷል። ሄጄ አጠፋሁት። ደስ ያለው ሰው ይረሳል።


ሰኔ 6

ጣሪያው ተከፈተ። ቶሎ የሚባል መካኒክ አለን፤ ስሙ የወጣለት "ቶሎ ይደርሳል" ማለት ስለሚያበዛ ነው እንጂ እሱስ እንደ ኤሊ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሥራው ግን አይታማም። ቆርቆሮውን ገልጦ ሥር ያለውን እንጨት በጣቱ ቆረሰና፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ጣሪያ አይደለም፣ ዳቦ ነው" አለኝ።

"በሻይ ብላው እንግዲህ" አለው ሹፌሩ ከሥር።

አብረው ሲሠሩ ማየት ያስደስታል። ባለቤቴ የቆየ ልማድ አለው። ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ሥሩ ብረት ድረስ በቀይ ቀለም ቀጭን መስመር ያሰምርበታል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ መፍቻ ሳይነኩ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። "ቀይ ያለበት ጨርሻለሁ ማለት ነው" ይላል። በከባድ መኪናው ዘመን ሌሎቹ ሹፌሮች "ጥፍር ቀቢው" እያሉ ይስቁበት ነበር። ይሳቁ። የእነሱ ጎማ ሲወልቅ የሱ አንድም ቀን አልወለቀም።

ቀለሙን ከኔው ሱቅ ነው የሚወስደው፤ የብረት አልጋ የምናድስበት ነው። ዛሬም አንድ ጣሳ ወሰደ። ቀደም ሲል የወሰደው ገና ግማሽ አለ።


ሰኔ 11

ዝናብ። ሸራው ሥር ባልዲ። ደንበኛ የለም።


ሰኔ 15

ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ሻይ አፍልቶ እየጠጣ ጋደም ማለት ለምዷል። ዛሬም ሄደ። ዝናቡ ሲበረታ እንዲደርበው ጃኬቱን ይዤለት ወደ ጓሮ ወጣሁ። በሩን ስከፍተው የጋዝ ሽታ ፊቴን መታኝ። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። እሱ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል፣ አፉ ከፈት ብሏል።

ስሙን ጠራሁት፣ አልሰማኝም። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። እንዴት እንዳወረድኩት አላውቅም፤ ከኔ እጥፍ ይከብዳል። ጭቃው ላይ ሳስቀምጠው ዓይኑን ገለጠና፣ "ምን ሆነሻል አንቺ፣ ዝናብ ላይ ታስቀምጪኛለሽ?" አለኝ። እኔ ሳቅኩ።

ሲሊንደሩን ዘግቼ አየሩ እስኪወጣ ጠበቅኩ። በኋላ የሳሙና ውሃ መትቼ የቱቦውን መገጣጠሚያ ሁሉ ቀባሁት። ምድጃ ስገዛ ሁልጊዜ የማደርገው ነው፤ የሚያፈስ ካለ አረፋ ይሠራል። አንድም አረፋ አልሠራም። እንግዲህ ጥፋቱ ከጋዝ መቆጣጠሪያው ነው። አሮጌ ስለሆነ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይለቃል። ነገ አዲስ እገዛለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን አለው? የእቃ ብልሽት ነው።


ሰኔ 16

አዲስ መቆጣጠሪያ ተገጠመ። ቱቦውንም ቀየርኩት። በሳሙና ሞከርኩ፣ ንጹህ ነው።

መስኮቷን በሽቦ አስሬ ክፍት አድርጌያታለሁ። ዝናብ ይግባ።


ሰኔ 23

ልጃችን መጣች። መምህርት ናት፤ ፈተና ልታርም ስለሆነ ብዙ አልቆየችም። ትንሿ ልጇን ሚጢጢን ይዛ ነው የመጣችው። ሚጢጢ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። "አባባ፣ እኔ እዚህ ነው የምተኛው፣ ላይኛው ላይ!"

"አንቺ ባትመጪ ማን ካርታ ያይልኛል?" አላት አያቷ።

በዚያው ተወሰነ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ባለው ጊዜ ሚጢጢ አብራን ሐይቁ ድረስ ትሄዳለች። እናቷም ደስ አላት፤ ትንሽ ታርፋለች።

ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

"እማዬ፣ አባዬ ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል? ጎረምሳ መስሎ ሲሠራ አላየሽውም?"

"ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ታሪክ ምሳ ላይ ነገረኝ። ሻይ ላይ ደገመው። አሁን ስሰናበተው ደግሞ እንደ አዲስ ጀመረልኝ።"

"አንቺስ ልጅ ሆነሽ አንዱን ተረት ስንቴ ነበር የምታስደግሚው? ብድሩን እየመለሰ ነው ብለሽ ተይው።"

ሳቀችና ሄደች። በደንብ መለስኩላት። ገዢ አንድ ነገር ሲያይ ቶሎ ሌላ ነገር ማሳየት ነው፤ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ።


ሰኔ 28

እንደገና ሸተተ። እሱ ውስጥ አልነበረም፣ ተመስገን። ሱቅ ሆኜ ነው የሸተተኝ፤ ወይ የሸተተኝ መስሎኝ ሮጥኩ፣ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

መቆጣጠሪያውን ነቅዬ የጋዝ እቃ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሰው ፊት ጮኽኩበት። ሰው ልትገድል ነው ወይ አልኩት። ሰውየው ምንም ሳይመልስ የራሱ ሲሊንደር ላይ ገጠመው፣ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከረው፣ ሁላችንም ቆመን አየን። ውሃው እንደ መስታወት ዝም አለ።

"እናቴ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው" አለኝ። እንደዚያ ከጮኽኩበት በኋላ እናቴ ማለቱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ስመለስ ልብስ ሰፊዋ ክር እየበጠሰች፣ "ሹፌርሽ ግን ቀልድ ጀምሯል ልበል? ትናንት ሱቄ ገብቶ፣ የኛ ሱቅ በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብሎ ፊቴን ያየኛል፣ አይስቅ ነገር" አለች።

"እሱ እንደዚህ ነው፤ ሳይስቅ ነው የሚያስቀው" አልኳት።

"እንደዚያ በይኛ! እኔ ደግሞ ልቤ ደንገጥ አለ።"

ሲቀልድ ነው። አዎ።


ሐምሌ 3

ጥፋቱን አገኘሁት። የምድጃው መክፈቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ስገባ ዞሮ አገኘሁት፣ ግማሽ ድረስ፣ እሳት የለውም። መክፈቻው አርጅቶ ላልቷል፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ በራሱ ይዞራል ማለት ነው። እፎይ አልኩ። ለቶሎ ነገርኩት።

ቶሎ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"እትዬ፣ መኪናዋ ከቆመች እኮ ወር ሆናት። በምን ትንቀጠቀጣለች?"

"ሞተሩን እያስነሳችሁ ትሞክሩ የለም እንዴ?"

"እሱስ እናስነሳለን።" ጨርቁን አጠፈው። "እትዬ፣ ጋሼ ሻይ ሲያፈላ አብረውት ይቀመጡ። እንዲያው ለጨዋታ።"

ቶሎ አፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። መፍቻ ይዞ ምክር የሚሰጥ ሰው አልወድም።

ምድጃውን አውጥቼ ሌላ፣ ከሱቄ ካለው ሁሉ የተሻለውን አስገባሁ። መክፈቻው ጠንካራ ነው፤ እኔ ራሴ በሁለት ጣት አይዞርልኝም።


ሐምሌ 7

ጠንካራው መክፈቻም ተከፍቶ አደረ።


ሐምሌ 8

ሲሊንደሩን አወጣሁት። መጋዘኑ ውስጥ ከቁም ሳጥኖቹ ጀርባ ነው ያለው፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊያፈላ ሄዶ አጣው። ከዚያ የሆነው ሁሉ ባይጻፍ ይሻላል፤ ግን ካልጻፍኩት ሲዞርብኝ ያድራል። ቶሎን ጠርቶ፣ "ጋዜን የት አደረስከው?" አለው። ቶሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ሌባ! ቤቴ ገብተህ እየበላህ!" ብሎ መፍቻውን አነሳበት። እኔ ሳውቀው ሌባን እንኳ ሌባ ብሎ አያውቅም፤ አንዴ ጎማ የሰረቀውን ሰው "ቸግሮት ነው" ብሎ የለቀቀ ሰው ነው።

መሃል ገባሁ። "እኔ ነኝ፣ ሊሞላ ልኬው ነው" አልኩ።

"እና አትናገሪም?"

"ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጠዋት።"

አልነገርኩትም ነበር። እሱ ግን ቆም አለና፣ "አዎ... አዎ፣ ነግረሽኛል" አለ። መፍቻውን አስቀመጠ። ቶሎን ይቅርታ ጠየቀው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቶሎ እኔን አየኝ፣ እኔ ጭቃውን አየሁ።

የማያስታውሰውን ነገር አስታወስኩ ብሎ ዋሸልኝ። እኔም ዋሽቼለት ነበር። ሁለታችንም ገበያ ላይ የቆምን ሰዎች መሰልን።


ሐምሌ 14

ቶሎ ተመልሶ መጣ። አይመጣም ብዬ ነበር። "ፍሬኑ ሳይሠራ እንዴት እተዋለሁ?" አለኝ።

የአራቱም ጎማ ፍሬን ታደሰ። ቶሎ ወደ ሌላ ሥራ ስለተጠራ ጎማዎቹን መልሶ መግጠሙን ሹፌሩ ብቻውን ያዘው። ሱቅ ሆኜ የመፍቻውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ እየዘፈነ ነው የሚሠራው። ሲገባ ጣቱ ሁሉ ቀይ ቀለም ነው። ራት ላይ ሁለቴ ጨምሮ በላ።

ደህና ነው እኮ። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ደህና ነው። ዝም ብዬ ነው ስፈራ የከረምኩት።


ሐምሌ 19

ዛሬ ነዳናት። ዝናቡ ጠዋት ላይ ፋታ ሰጠ። ባለቤቴ መሪውን ሲይዝ አሥር ዓመት ወረደለት። ጠባቡን መንገድ በመስታወት እያየ አወጣት፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለ፣ አንድ እጁን መስኮት ላይ አድርጎ። ይሄ ሰው ነው ምንም የማያውቀው? ብዬ በልቤ እነዚያን ሁሉ ተቆጣኋቸው፤ ልጄን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ቶሎን። ማንም ምንም አያውቅም አላለም ግን። ራሴ ነኝ ያልኩት።

ከከተማው ወጣ ስንል ከኋላ በግራ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመረ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጠጠር ነው፤ ጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ።"

"አቁምና እንየው።"

"የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አለኝ እየሳቀ።

ጠጠር ከሆነ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይፈጥናል፣ ያ ትክክል ነው። እኔ ግን ወንበሩ ሥር ያለ ነገር ሲወዛወዝ ተሰማኝ። ማቅለሽለሽ ይዞኛል አልኩት። ውሸቱ ቀናኝ፤ ወዲያው ዞረ፣ ቀስ ብሎ ነድቶ ቤት አደረሰኝ። ትራስ አምጥቶ አስተኛኝ፣ ግንባሬን ነካ ነካ አደረገኝ። ከዚያ እሱም ጎኔ ተኛ። እንቅልፍ ሲወስደው ተነሳሁ።

መፍቻ ይዤ በግራ በኩል ተንበረከክሁ። የኋላው ጎማ ዳዶዎች በጣቴ ዞሩልኝ። ሁሉም። አንደኛው በራሱ ሊወድቅ ትንሽ ነው የቀረው። አንድም ቀይ መስመር የለበትም።

ዞሬ የፊት ቀኙን አየሁ። እዚያ ቀዩ ተደራርቦ ተደራርቦ እንደ ጥፍር ወፍሯል። ዳዶው ከቀለሙ ብዛት ቅርፁ አይታይም። አጥብቆ አሰምሮበታል፣ ረስቶ ተመልሶ አጥብቆ አሰምሮበታል፣ እንደገና መጥቶ አሰምሮበታል። እየዘፈነ።

በግራ በኩልም አሰምሮ ዝናቡ አጥቦት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ፣ ይህንኑ እያሰብኩ።

ቀለሙ ከኔው ሱቅ የወጣ ነው። ዝናብ አያጥበውም።


ሐምሌ 20

ዳዶዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ። አንድ በአንድ። ጎማ ብቻ አይደለም፤ የወንበር፣ የአልጋ፣ የጣሪያ። ነጭ ቀለም ከሱቅ ወሰድኩ። ያጠበቅኩት ላይ ነጭ አሰመርኩ፣ እንዳይምታታብኝ።


ሐምሌ 27

ሚጢጢ በስልክ፣ "እማማ፣ ቀንድ አውጣዋ ደረሰች?" አለችኝ። "ቶሎ ትደርሳለች" አልኳት። የቶሎ ቃል ሆነብኝ።

ለእናቷ ምን ብዬ ልንገራት? ልጅሽን አትላኪ ብል ለምን ትላለች። ለምኑን በአፌ ካልኩት ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ሰው ሳያየው የቆየ ስንጥቅ እቃው ላይ የሌለ ያህል ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ጎማው ግን እኔ ዝም ስላልኩ ጠብቆ አይቆይም።

የመኪናዋን ቁልፍ ወስጄ ሱቅ ደብቄዋለሁ። ይጠይቀኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ፤ ረስቶት ነው ወይስ ገብቶት?

በየቀኑ እሱ መፍቻውን አስቀምጦ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። መፍቻ ስይዝ ፍርሃቴ ይቀንሳል።


ነሐሴ 3

ጉልበቴን ላሳይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መንበርከክ አብዝቼያለሁ። ስወጣ እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ጠየቅኩት፤ ሰው የሠራውን ረስቶ ደግሞ ቢሠራው፣ ያልሠራውን ደግሞ ሠራሁ ቢል፣ ምድጃ ከፍቶ ቢሄድ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ስለ ማን ነው?"

"ስለ አንድ ደንበኛዬ።"

"ደንበኛዎ ብቻውን ነው የሚኖረው?"

"አይ፣ ሚስት አለው።"

"ሚስቱስ እንዴት ናት?"

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ዞርኩ። ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ሴት።

"ደንበኛዎን ይዘውት ይምጡ" አለኝ። "እስከዚያው መኪና እንዳይነዳ፣ እሳት አጠገብ ብቻውን እንዳይተው። ያልኩትን ለሚስቱ ይንገሩልኝ።"


ነሐሴ 5

አልነገርኩትም።


ነሐሴ 8

አልነገርኩትም። ደረቅ ቀን ነበር። ሐይቁን አነሳብኝ።


ነሐሴ 10

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ አንድ ገዢ በቁም ሳጥን ዋጋ ሲከራከረኝ ባለቤቴ በር ላይ ቆመ። ቀዩን ጣሳ ይዟል። ገዢው እስኪሄድ ጠበቀ፤ ፊቱ የዋዛ አልነበረም።

"ነይማ" አለኝ።

ጓሮ ወስዶ በግራ የኋላ ጎማ አጠገብ ተቀመጠ፤ ድሮ ለረዳቶቹ ሲያሳይ እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጠው።

"ይሄ ነጭ የማን ነው?"

"የኔ" አልኩት። ሌላ የምለው ነገር አልመጣልኝም።

በጣቱ ነካው። በዳዶዎቹ ሁሉ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ፊት ቀኙ ሄደ፣ ያንን እንደ ጥፍር የወፈረውን ቀይ አየው። በጥፍሩ ጫፉን ቢፍቀው ንብርብሩ ታየ፣ እንደ ሽንኩርት። ልሸሽ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ሱቅ ሰው ጠርቶኛል ልለው ነበር።

"ጋዙም እኔ ነኝ?" አለ ሳይዞር።

"አዎ።"

"ቶሎን ሌባ ያልኩትስ?"

"ያን ደግሞ ይቅርታ ጠይቀኸዋል።"

"ጠይቄዋለሁ?"

"ጠይቀኸዋል። ትከሻውን መታ መታ አድርገኸዋል።"

"ጥሩ" አለ። "ጥሩ አድርጌያለሁ።" ከዚያ ዞሮ መጣና ጣሳውን እግሩ ሥር አስቀመጠ። "ነጋዴዋ፣ ስሚኝ። ነጩን ከኔ በፊት እንዳታደርጊው። እኔ ቀዩን ላድርግ፣ አንቺ ከኔ በኋላ። ሁልጊዜ ከኔ በኋላ። ከፊቴ ካየሁት ሥራው አልቋል ብዬ አልፈዋለሁ።"

"እሺ።"

"ደግሞ ቀጥ አድርገሽ አስምሪ። ይሄ ምንድን ነው፣ ትል የሄደበት ይመስላል።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም መጀመሪያ፣ ከዚያ ሳቀ። ሐኪሙ ያለውን እዚያው ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ፣ እንደ መንገድ ምሪት እያንዳንዱን ቃል ራሱን እየነቀነቀ። "መንዳቱንም?" አለ። "መንዳቱንም" አልኩት። ጎማውን በእግሩ ጫፍ መታ አደረገውና ወደ ቤት ገባ።


ነሐሴ 12

ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። እየወጣን፣ "ደንበኛዬ ነው ብለሽው ነበር?" አለኝ። ሐኪሙ ነግሮት ነው። "ዱቤ የማያበዛ ደንበኛ ነው በይው" አለኝ።

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ፣ "ታዲያ ሚጢጢስ?" አለች። አሁን መልሱን አንቺ ነሽ የምትሰጪኝ አልኳት፤ ያየሁትን ሁሉ ነግሬሻለሁ፣ የደበቅኩት የለም። ሕይወቴን ሙሉ አንድ እቃ እንደዚህ አድርጌ ሸጬ አላውቅም።


ነሐሴ 19

የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ መንገድ ዳር።

ጠዋት ልጄ ሚጢጢን ይዛ መጣች። ሌሊቱን አልተኛችም፣ ዓይኗ ያስታውቃል። ሲሊንደሩ መጋዘን ቀርቷል፤ ዳቦና ፍራፍሬ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘናል። ቶሎ ሊሸኘን መጥቶ ሥራችንን ሁሉ እየዞረ አየ። "ቶሎ ነው የደረሰችው እኮ" አለ። ማንም አልተከራከረውም።

ቁልፉን ይዤ ቆምኩ። ሁላችንም ወደ ሹፌሩ እንዳናይ እየተጠነቀቅን ነው። ልብስ ሰፊዋ እንኳ መርፌዋን ነው የምታየው። እሱ ኮቱን አስተካከለ፣ በመኪናዋ ፊት ለፊት ዞረ፣ መሪው ያለበትን በር አልፎ ሄደ፣ በሌላኛው በር ገባ። ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ ለልጁ፣ "እናትሽ ነች የምትነዳው። እኔ መንገድ አሳያለሁ" አላት።

የሱቅ እቃ እያመላለስኩ ስነዳ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን እንደ ጀማሪ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። እያንዳንዱን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ ባለ ቁጥር ፍሬን ያዝኩ። እሱ ግን መንገዱን አንድም ቦታ አልሳተም፤ ገና መታጠፊያው ሳይታይ፣ "አሁን ቀኝሽን ያዢ፣ ከዛፉ በኋላ ቁልቁለት አለ" ይለኛል፣ ቁልቁለቱም አለ። ስለ ድልድዩ ለሚጢጢ ነገራት። ደገመላት። "እንደገና" አለችው እሷ።

ለእረፍት ስንቆም ቀዩን ጣሳ ይዞ ወረደ። ነጩን ይዤ ከኋላው ቆምኩ። ዳዶውን ያያል፣ በመፍቻ ይሞክራል፣ ያሰምራል፤ እኔ እከተላለሁ። ሚጢጢ በመሃላችን ቁጢጥ ብላ ታያለች።

"አባባ፣ ለምንድን ነው ሁለት ቀለም?"

"ቀዩ ጨርሻለሁ ማለት ነው።"

"ነጩስ?"

አፉን ከፈተ። ጠፋበት። ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ፣ ከጫፉ ጠብታ ወደቀ። ልናገርለት ስል ተውኩት። ጠበቅኩ።

"ነጩ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አይታዋለች ማለት ነው።"

የፊቶቹን ጨረሰ፣ የኋላ ቀኙን ጨረሰ። ከዚያ ቀና አለ፣ ወገቡን ያዘ፣ ጣሳውን ከድኖ መሬት ላይ አስቀመጠና የሚጢጢን እጅ ይዞ መንገዱ ዳር ወዳለው ምንጭ ሄደ። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ነው የሚራመደው። የኋላ ግራውን አልነካውም።

አልጠራሁትም። ቀዩንም ነጩንም ጣሳ ይዤ ተንበረከክሁ። ዳዶዎቹን አጠበቅኩ። ቀዩን አስቀድሜ፣ ነጩን ከሱ በኋላ፣ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩ።